ገለባው፣ ጀልባዋና የእፀገነት ሁለት ነጥብ

ክቡር ርእሰ መምህራችን አቶ ዳኜ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንግዳችን ጋሽ ፈንታ፤ እንደምን ዋላችሁ?

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ግብዣ ላሰባችሁልኝ፣ ላዋጣችሁልኝ፣ በዚህ የሐምሌ ዝናብ ከየቤታችሁ ለመጣችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «በግ አትረዱ፣ ንግግር አታብዙ» ብያችሁ ነበር። በጉን አርዳችኋል፤ ንግግሩን ደግሞ ለእኔ ትታችሁታል። ይህን በርኖስ ስታለብሱኝ ምን እንደተሰማኝ መናገር አልችልም። ሞቀኝ ልበላችሁ። በዚህች ብርዳማ ሞላሌ ውስጥ «ሞቀኝ» ማለት ትልቅ ነገር ነው።

በርኖሱን የሠሩት እዚሁ ከፊታችን የተቀመጡት ጋሽ ፈንታ ናቸው። ለአዲሶቹ መምህራን ላስተዋውቃችሁ፤ ጋሽ ፈንታ የከተማችን የታወቁ ሸማኔ ናቸው፤ የፊዚክስ መምህርታችን የእፀገነትም አባት ናቸው። «በርኖሱን ላስረክብና ልሂድ» ሲሉ አቶ ዳኜ «ምሳ ሳይቀምሱማ አይሄዱም» ብለው በግድ አስቀመጧቸው። አቶ ዳኜ፣ ጥሩ አደረጉ። ለምን ጥሩ እንዳደረጉ ቆይቶ ይገባዎታል።

አቶ ዳኜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ጋሽ ወንዳፈራሁ፣ ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ» ብለውኛል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አርባ ደቂቃ ሲናገር የኖረ ሰው አሥር ደቂቃ እንዴት እንደሚያልቅ በምን ያውቃል? ደወል እስኪደወል እናገራለሁ። ደወሉን የሚደውለው ሰው ደግሞ እዚህ ከእኛ ጋር ጥብስ እየበላ ነው።

ተማሪዎቼ ያወጡልኝን ስም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «ዩኒቱስ?» ይሉኛል። እኔ እንደማላውቅ ሆኜ ኖሬአለሁ። መልሱን አግኝቶ ሜትር ይሁን ኪሎ ግራም ሳይጽፍ ለሚያልፍ ተማሪ ግማሽ ነጥብ እቀንስ ነበር። አልቅሰው ለምነውኛል፣ ወላጅ አምጥተውብኛል፣ አንድ ጊዜ ቄስ ሳይቀር ለምልጃ ልከውብኛል። አልተመለስኩም። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ድንች ከምትሸጠው ተሾመች ዘንድ ቆምኩ። የድሮ ተማሪዬ ናት።

«ስንት ላድርግልዎ ቲቸር?» አለችኝ።

«ሦስት» አልኳት።

«ሦስት ምን? ዩኒቱስ?»

ገበያው ሳቀብኝ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ሦስት ኪሎ መዝና አንድ ድንች አነሳችና «ይቺ የቅጣት ናት» አለችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስትጠብቀኝ ኖራለች ማለት ነው!

እንግዲህ ሳቃችሁ። አሁን የመጣሁበትን ልናገር።

እኔ የመርሐቤቴ ቆላ ልጅ ነኝ። ሞላሌ ስመደብ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ከመኪና ስወርድ መጀመሪያ የተቀበለኝ ነፋስ ነው፤ ባርኔጣዬን ከራሴ ላይ አንስቶ ወሰደው። ያ ባርኔጣ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያን ዕለት ነፋስን የማውቀው መሰለኝ። ፊዚክስ ተምሬአለሁ፤ ባርኔጣዬን ነጥቆኛል፤ ሌላ ምን ቀረ? ነፋስን በተመለከተ ማንም የሚነግረኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ያጠፋሁትም በዚሁ ነው።

በሁለት ሺህ አራት ክረምት የኦሊምፒክ ጊዜ ነበር። ትዕዛዙ ያስታውሳል። የጂኦግራፊ መምህራችን ትዕዛዙ ያን ጊዜም እንዲሁ ወፍራም መነጽር ያደርግ ነበር። ሩጫ ልናይ ወይዘሮ ይዘንጋሽ ምግብ ቤት ተሰበሰብን። ከተማው ሁሉ እዚያ ነበር፤ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ሩጫ የለም። ባሕር ነው። ባሕሩ ላይ ጀልባ ነው።

«ሩጫው የታለ? ይሄን ማን አሳዩን አለ?» ብሎ ትዕዛዙ ጮኸ። ቻናል ይቀየር ሲባል ሪሞቱ ጠፋ። ስለዚህ አየን። ባሕር በዓይናችን አይተን የማናውቅ ሰዎች ለአንድ ሰዓት ያህል የጀልባ ውድድር አየን።

ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዷ ቀጠን ያለች ቀላል ጀልባ ናት፤ ትልቅ ሸራ አላት፤ ሁለት ሰዎች በሽቦ ተንጠልጥለው ወገባቸውን ከጀልባዋ ውጭ ወደ ውኃው ዘንበል አድርገው ይነዷታል። ሌላው ጀልባም አይባል፤ ሳንቃ ነው። አንድ ሰው በላዩ ቆሞ ሸራውን በሁለት እጁ ጨብጦ ይበርራል። ሰዉ ሩጫውን ረስቶ በሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ጀልባዋ ትፈጥናለች»፣ ግማሹ «ሳንቃው ይፈጥናል» እያለ ተከራከረ። ሩጫው መጣ፣ አየን፣ ጮኽን፣ ወደየቤታችን ሄድን።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። ይህችው እፀገነታችን ናት።

«ቲቸር፣ ክረምት ላይ ያየናት ጀልባና ሳንቃው፣ የትኛው ነው የሚፈጥነው?»

እኔም ጠመኔዬን እያራገፍኩ «ሁለቱንም የሚገፋቸው ነፋስ ነው። ስለዚህ የትኛውም ከነፋስ አይፈጥንም። ነፋሱ አሥር ከሄደ እነሱ ቢበዛ አሥር ይሄዳሉ» አልኳት።

«ለምን?»

«ዐውድማ ላይ ቆመሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ገብሱ በመንሽ ወደ ላይ ሲወረወር ገለባውን ማን ይወስደዋል?»

«ነፋስ።»

«ገለባ ነፋስን ቀድሞ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ዐውድማን ያውቃሉ። ምሳሌው በጣም ጥሩ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምሳሌው ጥሩ ስለነበር እኔም አመንኩት። መምህራን ሆይ፣ በተለይ አዲሶቹ፣ ይህን ከእኔ ስሙ። ተማሪው የሳቀበት ምሳሌ ሁሉ እውነት አይደለም።

እሷ ግን አልሳቀችም። ቆማ ጠበቀች። ሳቁ ሲያልቅ «ቲቸር፣ ገለባውን የያዘው ነገር የለም። ጀልባዋን ግን ውኃው ይዟታል» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። አልገባኝም ማለት ደግሞ አልወደድኩም። «ተቀመጪ» አልኳት።

ቀጥዬ ያደረግኩትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴም አልነገርኩም። የካቲት ላይ ፈተና ሳወጣ ያንኑ ጥያቄ አስገባሁት። «በነፋስ የሚነዳ ጀልባ ከነፋሱ ሊፈጥን ይችላል፤ እውነት ወይስ ሐሰት? ምክንያትህን አስረዳ። ሁለት ነጥብ።» ጥያቄው በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ በሥርዓተ ትምህርቱም የለም። ያስገባሁት አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅን በጽሑፍ ለማሸነፍ ነው። ዐርባ ስምንት ዓመቴ ነበር።

ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል «ሐሰት» ብሎ ስለ ገለባው ጻፈ። እፀገነት «እውነት» ብላ ጻፈች። እኔም በቀይ እስክሪብቶ መስቀል አድርጌ ዜሮ ሰጠኋት።

ወረቀቱን በመለስኩ ማግስት፣ ዐቢይ ጾም ነው፣ በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል መጣች። በመሐረብ የቋጠረችውን አሹቅ ይዛለች። እኔ ለምልጃ ምግብ ያመጣችልኝ መስሎኝ ነበር። አንዷን ባቄላ አንስታ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ያዘቻት።

«ቲቸር፣ ጣቶቼን ይዩልኝ። ቀስ ብለው ነው የሚቀራረቡት። ባቄላዋን ግን ይዩዋት» አለችና ጨመቀቻት። የራሰች ባቄላ አይደለች? አመለጠች። ክፍሉን አቋርጣ ሄዳ የትዕዛዙን መነጽር መታችው።

ትዕዛዙ «ተተኮሰብኝ!» ብሎ ተነሣ። መምህራን ሁሉ ሳቁ። እሷ ግን እኔን ብቻ ነበር የምታየው። «አንዱ ጣት ነፋሱ ነው ቲቸር፣ ሌላው ጣት ውኃው ነው። ባቄላዋ ከሁለቱም ጣቶች ትፈጥናለች» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ ወይ? በደንብ አልገባኝም፤ መጠራጠር ግን ጀምሬ ነበር። አፌ ግን ምን አለ? «በምግብ አይቀለድም። ውጪ።»

ወጣች። ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ሄደች። ልጥለው አነሳሁትና መልሼ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ያ ሁለት ነጥብ ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል። ያን ዓመት ደብረ ብርሃን ላይ ለሚደረግ የሳይንስ ውድድር ከትምህርት ቤታችን አንድ ተማሪ እንድልክ ታዝዤ ነበር። በዚያ ፈተና ውጤት ነው የመረጥኩት። ፍሬው ከሃምሳ ዐርባ ስምንት አመጣ። እፀገነት ዐርባ ሰባት። በአንድ ነጥብ። ፍሬው ጎበዝ ልጅ ነበር፣ አሁን ራቤል ከተማ በጤና ሥራ ላይ ነው፣ ምንም አላጠፋም። ሄደ፣ ተወዳደረ፣ ተመለሰ። እሷ ቀረች።

በዚያው ሳምንት ገበያ ላይ ጋሽ ፈንታ አገኙኝ። ጋሽ ፈንታ፣ ያስታውሳሉ? የሚሸጡትን ዝተት፣ ያን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ በትከሻዎ ተሸክመው ነበር። ቆብዎን አወለቁልኝ። በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው ለእኔ ቆብ አወለቁ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉኝ። «እኔ አልተማርኩም። ልጄ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ‹ልክ ነኝ አባባ፣ ልክ ነኝ› ትላለች። ልክ ናት ወይ?»

እኔም «አይደለችም ጋሽ ፈንታ። ተሳስታለች» አልኳቸው።

«እንግዲያው እርስዎ ካሉ» ብለው ሄዱ። ቤት ገብተው የነገሯት ይህንኑ ነው። አባቷን እንኳ ከእሷ ለየሁባት ማለት ነው።

ዝናቡ በረታ። ትንሽ ጮክ ልበል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ልጄ ከአዲስ አበባ ስልክ ላከችልኝ፤ ይህን ኢንተርኔት የሚከፍተውን። ሰው አዲስ ስልክ ሲይዝ መጀመሪያ የሚያየው ዜና ነው፤ ካልሆነም መዝሙር ይከፍታል። እኔ ጀልባ ፈለግሁ። ባለቤቴ «ምን እያየህ ነው?» ስትለኝ ስልኩን ደረቴ ላይ ደፋሁት። የሆነ መጥፎ ነገር የማይ መስሏት ተቆጣች! እኔ የማየው ሸራ ነው።

አነበብኩ። ሌላም አነበብኩ። ነፋሱ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ያ ሳንቃ ላይ የቆመው ሰው ከስልሳ በላይ ይሄዳል። ዩኒቱን ነግሬአችኋለሁ፤ ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው።

እንዴት? ልክ እሷ እንዳለችው። ከሳንቃው ሥር ውኃ ውስጥ እንደ ቢላዋ የቆመ ነገር አለ። ነፋሱ ወደ ጎን ሲገፋ ያ ቢላዋ ወደ ጎን አያስኬድም። ስለዚህ ሳንቃው እንደ ባቄላዋ ወደ ፊት ያመልጣል።

የጀመረችበት ጥያቄም መልስ ነበረው። የትኛው ይፈጥናል? መልሱ «በየትኛው መንገድ?» ነው። ነፋሱ ከጎን ጠንክሮ ሲመጣና አቋርጠኸው ስትሄድ ሳንቃው ያሸንፋል፤ ቀላል ነው፣ ውኃውን እየነካ አይነካም። ወደ ነፋሱ ፊት መሄድ ከሆነ ግን ማንም ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ሰው የተንጠለጠለባት ጀልባ ትቀድማለች፤ ሁለቱ ሰዎች በክብደታቸው ሸራዋን ቀጥ አድርገው ስለሚይዙላት ወደ ነፋሱ ጠጋ ብላ ትሄዳለች። ነፋሱ ደከም ሲል ደግሞ ሳንቃው ውኃው ላይ ይለጠፋል፣ ጀልባዋ ትሄዳለች። ነፋስን ከኋላ አድርጎ ቀጥ ብሎ ለሚሄድስ? እሱ ብቻ ነው ነፋስን የማይቀድመው። በፍጥነት ከነፋሱ ጋር ሲተካከል የሚገፋው ነፋስ የለማ።

ስለዚህ እኔ በአንዱ መንገድ ልክ ነበርኩ። ገለባው የሚሄድበት መንገድ ነው። ሌላ መንገድ መኖሩን ግን አላየሁም።

ታዲያ ይህን ካወቅሁ በኋላ ምን አደረግሁ? ደወልኩላት? ጻፍኩላት? በሚቀጥለው ዓመት የገለባውን ምሳሌ ከትምህርቴ አወጣሁት። ቀስ ብዬ፣ ማንም ሳያየኝ። ምሳሌውን ጣልኩ፤ ስህተቴን አልተናገርኩም። «ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ ረስታዋለች» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የምትማረው ምን ነበር? ፊዚክስ።

ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ ትምህርት ቤታችን ተመድባ መጣች። መምህራን ክፍል ስትገባ ሁሉም ተቀምጧል፤ እሷ እኔን ስታይ ጐንበስ ብላ እጅ ነሣች። ከዚያም ወዲህ ቆሜ ካየችኝ ወንበሯን ትለቅልኛለች። አራት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ሠርተናል፤ አንድም ቀን ያን ነገር አላነሳችም። ብታነሳው ይሻለኝ ነበር። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ ጥር ላይ ያደረገችውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ተማሪዎቿን ይዛ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማና ከማዳበሪያ ጆንያ ሁለት ባለሸራ ጋሪ ሠራች። አንዱ ቀላል ነው፣ አንድ ሰው ይይዛል። ሌላው ከበድ ያለ ነው፣ ሁለት ሰው ይይዛል። የኳስ ሜዳችን ላይ ሦስት መንገድ በኖራ አሰመረች፤ ከነፋሱ ጋር፣ ነፋሱን አቋርጦ፣ ወደ ነፋሱ። ሲያቋርጡ ቀላሉ ጋሪ አሸነፈ። ወደ ነፋሱ ሲሄዱ ቀላሉ ተገልብጦ አፈር በላ፤ ከባዱ እየተንገጫገጨም ቢሆን እየተጠማዘዘ ደረሰ።

ልጆቹ «የትኛው ነው ያሸነፈው?» እያሉ ሲጮኹ «እንደዚያ አይጠየቅም። በየትኛው መንገድ በሉኝ» አለቻቸው። እኔ አጥሩ ጥግ ቆሜ እሰማለሁ።

ያኔ ሳሌም የምትባለው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ወደ እኔ ሮጣ መጣች። «ቲቸር ወንዳፈራሁ፣ እነዚህ ጋሪዎች ጎማቸው ጥሩ ቢሆን፣ ከነፋስ ሊቀድሙ ይችላሉ?»

እፀገነት ቀና አለች። አየችኝ። ያቺን አስተያየት አውቃታለሁ፤ ባቄላዋን ይዛ ያየችኝ አስተያየት ናት። ልጅቷ ትጠብቃለች፣ እሷ ትጠብቃለች። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። «አዎ» ማለት።

«መምህርት እፀገነትን ጠይቂያት» ብዬ ወደ ቢሮ ሄድኩ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳስተምር ያፈርኩበትን ቀን ብትጠይቁኝ ያ ቀን ነው። መሳሳቱስ ግድ የለም፤ ሰው ይሳሳታል። ዐውቆ ዝም ማለቱ ነው ያንገበገበኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ውስጥ ሳይቀር አሰብኩት። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ልጆችን አንድ መንገድ ላይ ብቻ አስሮጥኳቸው። እኔ ያልኩትን፣ እኔ ባልኩት መንገድ፣ ከእነዩኒቱ። በዚያ መንገድ የሚፈጥነውን ጎበዝ አልኩት፣ የማይፈጥነውን ሰነፍ አልኩት። ተሾመችን የመጽሐፉን የሚዛን ጥያቄ ስላልሰላች ፊዚክስ ላይ ጥያት ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አጠገቧ ያለው ነጋዴ ሚዛኑን ሲሰቅል ከሩቅ አየት አድርጋ «የዚህ ክንዱ እኩል አይደለም» አለችው። ሲለካ እውነት ሆነ። እኔ ፈተና ላይ የጠየቅኋት እኮ ይህንኑ ነበር! ታዲያ ማን ነው የወደቀው?

ነገሩን ላብቃ።

ጋሽ ፈንታ፣ ይቅርታ፣ እባክዎ አይነሡብኝ፣ ተቀምጠው ይስሙኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ገበያ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ ነበር። «ልጄ ልክ ናት ወይ?» ብለው። እኔ የዋሸሁዎ አውቄ አልነበረም፤ በኋላ ግን ዐውቄ ዘጠኝ ዓመት ዝም አልኩ። ዛሬ በባልደረቦቼ ፊት እመልስልዎታለሁ። ልክ ነበረች። ሦስት ቀን እህል ያልቀመሰችው ልክ ሆና ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የሠሩልኝን በርኖስ ለብሼ ይህን ሳልናገር ብወጣ ትከሻዬን ያቃጥለኝ ነበር።

ምን አሉ? ጮክ ይበሉልኝ ጋሽ ፈንታ፣ ዝናቡ... «አውቅ ነበር» ነው ያሉት? «አውቅ ነበር፤ ግን እርስዎ መምህር ነዎት» አሉ። ሰማችሁ? ይህን ዓረፍተ ነገር እስክሞት አልረሳውም። «እርስዎ መምህር ነዎት» ብሎ የሚያምነን ሰው አለ። ይህ እምነት ስንት እንደሚመዝን ከእኔ ተማሩ።

ትዕዛዙ፣ መነጽርህን ጥረገው፤ ዝናብ ገብቶበታል።

ይህች በእጄ የያዝኳት ወረቀት ያቺ ወረቀት ናት። አሥራ ሁለት ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ ኖራለች። ተማሪዋ የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ላንብብላችሁ። «እውነት። ጀልባዋ ነፋሱን አቋርጣ ከሄደች ልትፈጥነው ትችላለች። ነፋሱ ሸራዋን ሲገፋ ውኃው ወደ ጎን እንዳትሄድ ይይዛታል። ስለዚህ ወደ ፊት ታመልጣለች። ለምሳሌ ነፋሱ አሥር ቢሄድ እሷ አሥራ አምስት ልትሄድ ትችላለች።»

ጥርት ያለ መልስ ነው። ዛሬ በዚሁ ቀይ እስክሪብቶ መስቀሉን ሰርዤ ሁለት ነጥብ እሰጣለሁ።

እ? እፀገነት፣ እጅሽን አወጣሽ? ተናገሪ።

«ቲቸር፣ አሥር ምን? ዩኒት የለውም።»

አይ እፀገነት! ሳቁ፣ ሳቁ፣ እኔም እየሳቅሁ ነው፤ ዓይኔን አትዩት። ልክ ነሽ። ዛሬም ልክ ነሽ። ሕግ ሕግ ነው፤ ለማንም አልተመለስኩም፣ ለአንቺም አልመለስም። ግማሽ ይቀነሳል። አንድ ነጥብ ተኩል። ይኸው ጻፍኩት።

ዐርባ ሰባትና አንድ ተኩል... ዐርባ ስምንት ተኩል። ፍሬው ዐርባ ስምንት ነበር። ዩኒቱም ተቀንሶብሽ በግማሽ ነጥብ ትበልጪ ነበር።

ያን ጉዞ ልመልስልሽ አልችልም። ደብረ ብርሃን የሄደው ሄዷል፣ የቀረው ቀርቷል። በይቅርታ እንኳ አይመለስም። ይቅርታ ግን እለምንሻለሁ፤ እነሆ በሰው ፊት። የቤተ ሙከራውንም ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ትይዢዋለሽ። በሩን ስትከፍቺ ወደ ላይ አንሺው፤ ካልሆነ አይከፈትም። መስከረም ላይ ደግሞ ሳሌም ስትመጣ ጥያቄዋን ሳልመልስላት ሄጃለሁና አደራ በሰማይ። «ቲቸር ወንዳፈራሁ ‹አዎ፣ ይቀድማል› ብሎሻል» በያት። በእኔ ስም በያት።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ልመርቃችሁ። አንድዬ ጤናችሁን ይጠብቅ። ጉሮሯችሁ አይዘጋ፣ ጠመኔያችሁ አይጨረስ፣ ጣሪያችሁ አያፍስስ። ከእናንተ የሚበልጡ ተማሪዎች ይስጣችሁ፤ ሲበልጧችሁም ደስ የሚለው ልብ ይስጣችሁ። የተሳሳታችሁ ዕለት በማግስቱ የምትናገሩበት አንደበት ይስጣችሁ፤ እንደ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት አያስጠብቃችሁ። አቶ ዳኜ፣ ትምህርት ቤቱን በሰላም ያስተዳድሩ። ጋሽ ፈንታ፣ እጅዎን ያበርታው፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ትዕዛዙ፣ አንተ ደግሞ ከባቄላ ይሰውርህ። በሰላም ያገናኘን፣ አሜን በሉ።

አሜን።

ከመቀመጤ በፊት አንድ የቀረኝ የመምህር ሥራ አለ።

እፀገነት ፈንታ! ነይ፣ ወረቀትሽን ውሰጂ።